የላላ ቀለበት

አራት ክንድ የማትሞላ ሱቅ አለችኝ ኢላት፣
ቁልፍ ይቀረጽባታል፣ ይጠገንባታል ሰዓት።
ነሐሴ ነው፤ አስፋልቱ ቀልጦ ጫማ ይይዛል፣
ማራገቢያዬ ትኩሱን አየር ከጥግ ጥግ ያጓጉዛል።

ኖጋ ገባች፤ ጸጉሯ እርጥብ፣ ክንዷ ላይ ጨው የደረቀ፣
ፈትታ ሰጠችኝ የጠላቂ ሰዓት፣ ቀለሙ ያለቀ።
«ጋሽ ፈረደ፣ ቀለበቱ ላልቷል፤
ብነካው ይሄዳል፣ ባልነካውም ይሄዳል።
ትናንት ውሃ ሥር ደቂቃዬን ሰረቀኝ፣
ሠላሳ ነው ስል አርባ ሆኖ፣ አየሬ ሊያልቅብኝ።»

ጆሮዬ ላይ ያዝኩት። ልቡ ደህና ነው።
ሕመሙ ጠርዙ ላይ ነው።

ባሕርን የሚፈራ ሰው ነው ይህን ያበጀው፤
ቀለበቱ ወደ ግራ እንጂ ወደ ቀኝ እንዳይዞር አድርጎ ሠራው።
ድንጋይ ቢገጨው፣ ገመድ ቢያስተው፣
«የቀረህ ጥቂት ነው» ብሎ ይዋሻል እንጂ
«ገና ብዙ አለህ» አይልም።
ስህተቱ እንኳ ወደ ሕይወት ያደላል፤
ከእንዲህ ያለ ውሸታም ጋር ማን ይጣላል?
የላላ ዕለት ግን ለሁለቱም ወገን ይምላል።

ብረቱ እንዳይጫር ዙሪያውን በፕላስተር ሸፈንኩ፣
በስስ ቢላ ጫፍ፣ እንደ እሾህ አወጣጥ፣ ቀስ እያልኩ
ከሥሩ ገባሁ።
ጠቅ። ተነሳ።

መጀመሪያ ጓርኒሲዮኑን ጠረጠርኩ፤ ለስላሳ ነው፣ አልተሰነጠቀም።
ቀጥዬ አሸዋን ጠረጠርኩ፤ አንዲት ፍሬ የለም።
በመርፌ ጠርጌ ነጭ ወረቀት ላይ አራገፍኩ፤
ጨው ስፈልግ
ሳሙና አገኘሁ።
ደቃቅ፣ የደረቀ፣ የዓመታት የልብስ ሳሙና።

ከዚያ ምላሷን አየኋት፤
ጥርሱ ላይ እየዘለለች ቀጭ የምትለዋን ስስ ብረት።
ተጋድማለች፣ እንደ ሣር ከብት እንደተኛበት።
እንዲህ እስክትደቅ ስንት ጊዜ ቢጠለቅ ነው?
«አባትሽ» አልኩ «ዕድሜውን ባሕር ውስጥ የጨረሰ ነው?»

ሳቀች። «ጎሹ? ውሃ የሚገባው እስከ ቁርጭምጭሚቱ!
በሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ አሥር ዓመት ሲሞላው ሸለሙት፤
ማን እንደመረጠለት እንጃ።
እኔ ስጠልቅ ዳር ይቀመጣል፣ ሱሪውን ሰብስቦ፣
ስወጣ የማየው እሱን ነው፣ ጣቱ እዚህ ላይ ሆኖ፣
ሁልጊዜ እዚህ ላይ...»

ዝም አለች።
ማራገቢያው ዞረ።

እኛ አገር አንድ ቃል አለ፤ ይጠብቃል።
ላልቶ ሲነበብ ቀለበት ነው፣
ጠብቆ ሲነበብ አባት።
ኖጋ ፊደሉን አታነብም፤ በአፌ ነገርኳት፣
አንዴ አላልቼ፣ አንዴ አጥብቄ።
ደግመህ በለው አለችኝ።

ምላሷን በፒንሳ ጫፍ የፀጉር ያህል ቀና አደረግኳት፤
ቀለበቱን በለብታ ውሃ፣ በጥርስ ብሩሽ አጠብኩት፤
ግራሶ፣ የትንኝ እንባ የምታህል፤
በሁለት አውራ ጣት ተጫንኩ፤ ጠቅ።
ዓይኔ ስለማይታመን በጆሮዬ ቆጠርኩ፤
ከመቶ ሃያው መቶ አሥራ ስምንቱ መለሱልኝ።
ሁለቱ ዲዳ ናቸው። አልደበቅኳትም።
«አዲስ ምላስ ላስመጣለት?»
«አይ፣ ይሁን።»

ወረቀቱን እፍ ልል ሳነሳው
እጇን ጣል አደረገችበት፤
አራት አጥፋ ስልኳ ሽፋን ውስጥ ከተተችው።

ሠላሳ ሼቅል አልኩ፣ ሃያ ነበራት፣ ሃያ ሆነ።
«በአራት ሰዓት እገባለሁ፣ ለአርባ ደቂቃ» ብላኝ ወጣች፤
በእነሱ አራት፣ በእኛ አሥር።

አሁን አንድ ሽማግሌ ባትሪ ቀይርልኝ ብሎ ቆሟል፤
ክዳኑን ከፍቼ ትቼዋለሁ፣ ያጉረመርማል።
አርባ አንድ።
ደውዪልኝ አላልኳት፣ እደውላለሁ አላለችኝ።
አርባ ሦስት።
ካቻቢቴውን በጣቶቼ መሐል
አዞረዋለሁ፣ አዞረዋለሁ።